ስለ ሰማይ ምልክትና ስለ ልብ ዝግጅት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዋሽንግተንና በአካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ተሰብስበን ጸበል ጻዲቅ ስንቀማመስ፣ አልፎ አልፎ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ የመጣ አንድ ምእመን ወደ ካህኑ ጠጋ ይልና፣ «አባ፣ ሌሊት ከሥራ ስመለስ በሰማይ ላይ ትልቅ እሳት ሲያልፍ አየሁ፤ መንገዱን ሁሉ ቀን አስመሰለው። ምን ሊመጣብን ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ስለ ሰማይ ይምሰል እንጂ በውስጡ ያለው ፍርሃት ስለ ምድር ነው፤ ስለ ሀገር ቤት፣ ስለ እናት፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ነገ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በፈገግታ ማለፍ አይገባም፤ ፈጥኖ ትርጕም መስጠትም አይገባም። በእግዚአብሔር ቃል ብርሃን ልንመረምረው ይገባናል።

ነገሩ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ ሳይሆን በደጃችን የተፈጸመ ነው። ጥር 10 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ይኸውም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጃንዩዋሪ 18 ቀን 2010፣ ዕለቱ ሰኞ፣ በዚህ ሀገር ሰዓት ከምሽቱ 5፡45 ገደማ፣ እሳታማ ብርሃን በሰማይ ላይ ሲያልፍ በዚህ አካባቢ ብዙ ሰዎች አዩ። በዚያው ምሽት ከአሌክሳንድሪያ በስተ ደቡብ በምትገኘው በሎርተን ከተማ፣ ክብደቱ ከ300 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ድንጋይ የአንድ ሕክምና ቤት ጣሪያ በስቶ፣ ኮርኒሱንም ሰንጥቆ፣ በምርመራ ክፍል ወለል ላይ ወድቆ ተሰባበረ። በሕንፃው ውስጥ ሰዎች ነበሩ፤ በዚያች ክፍል ግን በዚያች ደቂቃ ማንም አልነበረም፤ አንድም ሰው አልተጐዳም። ድንጋዩም ወደ ስሚዝሶንያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተወስዶ ከኅዋ የመጣ መሆኑ በሊቃውንት ተረጋገጠ።

እንግዲህ ጥር 10 ምን ቀን እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ከተራ ነው። በሀገራችን ታቦታት ከመንበራቸው ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር የሚወርዱበት፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ የሚያጅብበት ዕለት ነው። ለትርጕም የሚቸኩል ሰው ይህን ሲሰማ፣ «በከተራ ዕለት እሳት ከሰማይ ወረደ» ብሎ አንድ ትልቅ ነገር ለመናገር ይነሣሣል። ነገር ግን ጥቂት እንታገሥ። መስከረም 29 ቀን 1985 ዓ.ም. (ኦክቶበር 9 ቀን 1992) ዓርብ ምሽት ከኬንታኪ አቅጣጫ ተነሥቶ እስከ ኒው ዮርክ የዘለቀ፣ ከሙሉ ጨረቃ ይልቅ ያበራ እሳት፣ 40 ሰከንድ ለሚያህል ጊዜ የምሥራቁን ሰማይ አቋርጦ አለፈ። በዚያ ምሽት ብዙ ወላጆች የልጆቻቸውን የእግር ኳስ ጨዋታ በካሜራ ይቀርጹ ስለ ነበር፣ ብርሃኑ ከ16 ቦታዎች ተቀርጾ ቀርቷል። ከእርሱም የተረፈ 12 ኪሎ ግራም ያህል ድንጋይ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በፒክስኪል ከተማ በቆመች አንዲት ቀይ ሸቭሮሌት መኪና ላይ ወድቆ የኋላ ክፍሏን ጨፈለቀው። ያ ዕለት ደግሞ በእኛ ዘመነ ጽጌ ነው፤ ወርኀዊው በዓለ ወልድና የቅድስት አርሴማ በዓልም የሚውሉበት ነው። እንደ ገናም መጋቢት 13 ቀን 2005 ዓ.ም. (ማርች 22 ቀን 2013) ዓርብ ምሽት በ2 ሰዓት ገደማ ከሰሜን ካሮላይና እስከ ሜይን የታየ ታላቅ ብርሃን አለፈ፤ ያ ደግሞ የዐቢይ ጾም ሁለተኛው ሳምንት ነበር።

ወገኖቼ፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን የቀን መቍጠሪያ ውስጥ በዓል ወይም ጾም ወይም የቅዱስ መታሰቢያ ያልሆነ ቀን ከየት ይገኛል? ከሰማይ የሚወድቅ ነገር ሁሉ በአንድ ቅዱስ ቀን ላይ መውደቁ አይቀርም። ስለዚህ በዕለቱ ብቻ ተመርኵዞ ትንቢት መናገር ቀላል ነው፤ ቀላል የሆነውም ሁሉ እውነት አይደለም።

ይህ ብርሃን በባሕርዩ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ለምእመን ኀጢአት አይደለም፤ የፈጣሪን ሥራ ማወቅ ነውና። ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው በእውነቱ ኮከብ አይደለም። ከዋክብት ከምድር እጅግ የሚበልጡ፣ ከእኛም እጅግ የራቁ ናቸው። ሲወረወር የምናየው በኅዋ ሲዞር የኖረ የድንጋይ ወይም የብረት ስብርባሪ ነው። ይህም በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ወደ ምድር አየር ሲገባ፣ ከፊቱ ያለውን አየር ጨምቆ ያግለዋል፤ ራሱም ይነዳል፣ አየሩም ያበራል። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ያለውን ርቀት፣ እኛ በቤልትዌይ ላይ በሰልፍ ሰዓት አንድ ሰዓት የምንፈጅበትን፣ ይህ ድንጋይ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ያልፈዋል። አብዛኛው ከአሸዋ ቅንጣት ስለማይበልጥ በቅጽበት ነዶ ያልቃል። ከአጥቢያ ኮከብ ይልቅ የሚያበራውን ግን ሊቃውንቱ የእሳት ኳስ እያሉ ለይተው ይጠሩታል። ምድር በየቀኑ በብዙ ቶን የሚመዘን እንዲህ ያለ ትቢያና ስብርባሪ ትቀበላለች። ሀገራችንም ከዚህ አልተለየችም፤ በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በሐረርጌ የወደቀው ድንጋይ በዓለም መዝገብ ላይ በጉርሱም ስም ተጽፎ ይገኛል።

አባቶቻችን ሰማይን መመልከት አልጠሉም። እግዚአብሔር ብርሃናትን ለዘመናት፣ ለዕለታትና ለዓመታት መለያ እንዳደረጋቸው በኦሪት ዘፍጥረት በመጀመሪያው ምዕራፍ ተጽፏል። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት የቅዱስ ድሜጥሮስ ስም የሚጠራበት ባሕረ ሐሳብም በፀሐይና በጨረቃ ዑደት ጾምንና ትንሣኤን የምናገኝበት ጥበብ ነው። እኛም ስሟ ከእስክንድርያ ስም ጋር በሚመሳሰለው በዚህች በቨርጂንያዋ አሌክሳንድሪያ ተቀምጠን ትንሣኤን የምናከብረው በዚያ ቍጥር ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ሰማይን የሚያየው መቼ እንደሚጾምና መቼ እንደሚያመሰግን ለማወቅ ነው። ኮከብ ቈጣሪ ግን ሰማይን የሚያየው ማን እንደሚሞት፣ ማን እንደሚሾም፣ ማን እንደሚከብር ለመናገር ነው። የመጀመሪያው ወደ ጸሎት ይወስዳል፤ ሁለተኛው ወደ ፍርሃት፣ ከፍርሃትም ወደ ጥንቈላ ይወስዳል። በየመንደሩ ኮከብ ሲወረወር ያየ ሰው፣ «የአንድ ሰው ነፍስ አለፈች» ይል እንደ ነበር ከእናንተ መካከል የሚያስታውሱ አሉ። ይህ የሕዝብ ልማድ ነው እንጂ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም።

ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 10 ቍጥር 2 ሕዝቡ የአሕዛብን መንገድ እንዳይማር፣ አሕዛብም ከሚፈሩት ከሰማይ ምልክት የተነሣ እንዳይደነግጥ ያስጠነቅቃል። ይህን የተናገረው ነቢይ በምዕራፍ 29 ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ደብዳቤ የላከው ያው ነቢይ መሆኑን ልብ በሉ። ባቢሎን የኮከብ ቈጣሪዎች ሀገር ነበረች። ምርኮኛ ደግሞ በባዕድ ሀገር ሲኖር፣ ነገው በእጁ ስላልሆነ፣ ነገን የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ነቢዩ ግን ለእነዚያ ስደተኞች ኮከብ እንዲቈጥሩ አላዘዛቸውም፤ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆች እንዲወልዱና እንዲድሩ፣ ለሚኖሩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዘዛቸው። እኛም ስደተኞች ነንና ይህ ቃል ለእኛ የተጻፈ ያህል ነው።

በስደት የሚኖር ሰው ልብ እንዴት እንደሚደነግጥ የምናውቀው እኛ ነን። ሌሊት በ9 ሰዓት ስልክ ሲጮህ ከአልጋው ሳይነሣ አስቀድሞ የሚያማትብ ሕዝብ ነን፤ ከሀገር ቤት በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ ብዙ ጊዜ መርዶ ነውና። እንዲህ ያለ ልብ በሰማይ ላይ እሳት ሲያይ እንደ ሌሊት ስልክ ቢሰማው አያስደንቅም። ነገር ግን የሰማዩ ብርሃን መርዶ ነጋሪ አይደለም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ ኀጢአተኞች እንዳልነበሩ ገልጾ፣ ሰሚዎቹን ሁሉ ወደ ንስሐ ጠርቷል። ስለዚህ በሎርተን ድንጋይ የወደቀበት ቤት የተረገመ አይደለም፤ ያልወደቀበትም ቤት የተመረቀ አይደለም። ጥሪው ለሁለቱም ነው።

ምናልባት አንዳንዶቻችሁ፣ «ታዲያ ጌታችን ራሱ ከዋክብት ከሰማይ እንደሚወድቁ አልተናገረም ወይ?» ትሉ ይሆናል። በእርግጥ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ተናግሯል። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ያችን ቀንና ሰዓት ማንም እንደማያውቅ ተናግሯል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ደግሞ ስለ ምልክቶቹ ከተናገረ በኋላ ለወዳጆቹ የሰጠው ትእዛዝ አንገታቸውን እንዲደፉ ሳይሆን ራሳቸውን ቀና እንዲያደርጉ ነው፤ ቤዛቸው ቀርቧልና። አንዱ ምልክት ለአንዱ ድንጋጤ፣ ለሌላው ተስፋ ይሆናል ማለት ነው። ልዩነቱ በምልክቱ ላይ ሳይሆን በተመልካቹ ላይ ነው።

ለዚህ ከዚህችው ከሜሪላንድ ምድር የሚጠቀስ ምስክር አለ። በኖቬምበር 13 ቀን 1833 ከንጋት በፊት በአሜሪካ ሰማይ ላይ ከዋክብት እንደ ዝናብ ሲወርዱ ታዩ። ብዙዎች የዓለም ፍጻሜ ደረሰ ብለው ተንቀጠቀጡ። በዚያን ጊዜ ከቼሳፒክ ባሕር ወሽመጥ ማዶ፣ የቅዱስ ሚካኤልን ስም በያዘችው በሴንት ማይክልስ ከተማ፣ ፍሬድሪክ ዳግላስ የተባለ ዕድሜው 15 ያህል የሆነ ባሪያ ይኖር ነበር። በጌታው ቤት ይራብ ነበር። በዚያው ዘመንም ለባልንጀሮቹ የጀመረውን የሰንበት ትምህርት ጌታውና ሌሎች ሰዎች በዱላ በትነውበታል። ይህ ብላቴና ከዋክብቱን አይቶ የተሰማውን በኋላ በ1855 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ጽፏል። የሰው ልጅ ሊመጣ እንደ ሆነ አሰበ፤ ከዋክብትም ከሰማይ እንደሚወድቁ አንብቦ ነበር። ነገር ግን የሚመጣውን እንደ ወዳጅና እንደ አዳኝ ሊቀበለው ተዘጋጅቶ እንደ ነበር ይመሰክራል። ይህ ሰው ከባርነት አምልጦ፣ ለባሮች ነጻነት ታግሎ፣ በመጨረሻም በዚሁ በዋሽንግተን በአናኮስቲያ ኮረብታ ላይ ኖሮ በ1895 ዐርፏል። ዛሬም ቤቱ ቆሞ ይጐበኛል።

ይህን ነገር በጥንቃቄ እናስብ። በዚያች ሌሊት ባሪያውም ጌታውም በአንድ ሰማይ ሥር ነበሩ። የእግዚአብሔርን መምጣት ሊፈራ የሚገባው በተራበ ሰው ጕልበት የሚኖረው ነበር እንጂ የተራበው አልነበረም። እንግዲህ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ፤ ያ ብርሃን ድንገት ሲያልፍ በልባችን ውስጥ ቀድሞ የመጣው ምንድን ነው? ወዳጅ መጣ የሚል ደስታ ነውን? ወይስ የተደበቀ ነገር ሊገለጥ ነው የሚል ሥጋት? የወንድሙን ገንዘብ የያዘ፣ ያሠራበትን ሰው ደሞዝ የከለከለ፣ ሀገር ቤት ያስቀመጣትን ሚስት የረሳ፣ እናቱ ስትጠብቀው ዓመታት ያለ ስልክ ያሳለፈ ሰው ቢደነግጥ፣ የሚያስደነግጠው ከሰማይ የመጣው ድንጋይ ሳይሆን በልቡ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ነው።

ሌላም የምንማረው ነገር አለ። የእሳት ኳስ ያየ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል፣ «ከቤታችን ጀርባ፣ ከዚያ ዛፍ ማዶ ወደቀ» ይላል። በፒክስኪሉ ጊዜም በጊዜው ያዩት በየበኩላቸው ቅርብ መስሏቸዋል፤ ድንጋዩ ግን ከብዙዎቹ በመቶዎች በሚቈጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር። ምክንያቱም እሳቱ እጅግ ከፍ ብሎ ይጠፋል፤ የቀረው ድንጋይ የመጨረሻውን መንገድ ብርሃን ሳይኖረው በጨለማ ይወድቃል። ዐይን ብርሃኑ የጠፋበትን ስፍራ የወደቀበት ስፍራ አድርጎ ይወስደዋል። በሎርተንም ድንጋዩ ከወደቀ በኋላ ብዙም ሳይቈይ የማን ነው የሚል ክርክር በሐኪሞቹና በሕንፃው ባለቤቶች መካከል ተነሣ። ከዚያ ስድስት ቀን አስቀድሞ በሃይቲ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ስለ ነበር፣ ሐኪሞቹ ከስሚዝሶንያን የሚሰጣቸውን 5,000 ዶላር ለሃይቲ ተጐጂዎች ለመስጠት አስበው ነበር። ከሰማይ የወረደው ለሁሉ የታየ ነበር፤ ምድር ሲደርስ ግን ባለቤት ተፈለገለት።

ወገኖቼ፣ ይህ ነገር በእኛም ላይ ደርሷል። ያ የመስከረም 1985 ብርሃን በዚህ ሰማይ ሲያልፍ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ለሁለት መከፈል የጀመረችበት ዘመን ነበር። አንዱ ሲኖዶስ በሀገር ቤት፣ ሌላው በስደት ሆኖ፣ ከሩብ ምእተ ዓመት በላይ ተለያይተን ኖርን። በአንድ ጥምቀት የተጠመቁ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ያነሣ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች በእሑድ ጠዋት ሰላም ሳይባባሉ በተለያየ መንገድ ሄዱ። ሁሉም ብርሃኑ ከእኔ ቤት ጀርባ ወደቀ አለ። የእግዚአብሔር ቸርነት ግን አልተወንም፤ በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. በዚሁ በዋሽንግተን ከተማ የሁለቱ ሲኖዶሶች ዕርቅ ታወጀ፤ አራተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስም በዚያው ወር ወደ ሀገራቸው ተመልሰው፣ በኋላ በ2014 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ። አባቶች ታርቀዋል። እኛ ግን እርስ በርሳችን ታርቀናልን? ዛሬም በዘር፣ በወገን፣ በፖለቲካ ተለያይተን፣ አንድ ብርሃን አይተን ሁለት ወሬ የምናወራ ከሆነ፣ ዕርቁ በወረቀት ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

ደግሞ ይህን ብርሃን ብዙ ጊዜ የሚያየው ማን እንደ ሆነ አስተውሉ። ሌሊት የተኛ ሰው አያየውም። የሚያየው የታክሲ ሾፌሩ ነው፤ በመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ የሚያድረው ነው፤ በሆስፒታል ሲያገለግል አድሮ በንጋት ወደ ቤቱ የሚመለሰው ነው፤ ከሁለተኛ ሥራዋ ወጥታ በአውቶቡስ ፌርማታ ላይ በብርድ የቆመችው እናት ናት። የጌታችን የልደት ብርሃን በቤተ ልሔም የበራላቸው ሌሊት መንጋቸውን ሲጠብቁ ለነበሩ እረኞች መሆኑን ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 እናውቃለን። በሌሊት ሥራችሁ የምታፍሩ ወይም የምታዝኑ ካላችሁ፣ አትዘኑ። እናንተ የዚህች ከተማ እረኞች ናችሁ። ነገር ግን እረኞቹ ብርሃኑን አይተው በዚያ አልቀሩም፤ ተነሥተው ወደ ሕፃኑ ሄዱ። ማየት ብቻውን አልጠቀማቸውም፤ መሄዳቸው ጠቀማቸው።

በመጨረሻ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በየካቲት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2013) ጠዋት በሩስያ በቼልያቢንስክ ከተማ ላይ ከፀሐይ ይልቅ የደመቀ የእሳት ኳስ አለፈ። ብርሃኑ በታየ ጊዜ ምንም ድምፅ አልነበረም፤ ብርሃን ከድምፅ ይቀድማልና። ሰዎች ምን እንደ ሆነ ለማየት ወደ መስኮት ሮጡ። ከአንድ ደቂቃ በላይ ቈይቶ ግን የፍንዳታው ኀይል ደርሶ መስታወቱን ሁሉ ሰባበረው። ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ተጐዱ፤ ብዙዎቹም በተሰበረ መስታወት ነበር። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ግን አንዲት መምህርት ብርሃኑን አይታ ወደ መስኮት አልሄደችም፤ 44 ተማሪዎቿን በጠረጴዛ ሥር እንዲገቡ አደረገች። ልጆቹ አንድም ሳይቈስሉ ዳኑ፤ እርሷ ግን ክንዷን ተቈርጣ ቈሰለች።

የተወደዳችሁ ሆይ፤ ከብርሃኑ በኋላና ከድምፁ በፊት ያለችው ያቺ አጭር ጊዜ የእኛ ዘመን ናት። ብርሃኑ ታይቷል፤ ክርስቶስ መጥቷልና። ድምፁ ገና ነው፤ ዳግመኛ ይመጣልና። ሐዋርያው ጴጥሮስ በሁለተኛ መልእክቱ ምዕራፍ 3 እንደሚያስተምረው፣ ይህ መዘግየት መዘንጋት ሳይሆን ትዕግሥት ነው፤ ማንም እንዳይጠፋ ሁሉም ወደ ንስሐ እንዲደርስ ነው። በዚህች ጊዜ ወደ መስኮት ሮጦ መገረም ይቻላል፤ ልጆችን ሰብስቦ ከጕዳት ማዳንም ይቻላል። የሚጠየቀው ምን እንዳየን ሳይሆን፣ ካየን በኋላ ማንን እንዳሰብን ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ብርሃን ያየ ክርስቲያን ምን ያድርግ? አስቀድሞ ያማትብ፤ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ብሎ ይጸልይ፤ ሰማይን በውበት የፈጠረውንም ያመስግን። ቀጥሎ መዓት መጣ እያለ በስልክና በመልእክት ወሬ አይንዛ፤ አንዲት የፈራች አሮጊት እናትን በሌሊት የሚያስደነግጥ ወሬ የሰማይ ምልክት ሳይሆን የምድር ኀጢአት ነው። ልጆቹም ቢጠይቁት እውነቱን ይንገራቸው። በዚህ ሀገር የተወለዱ ልጆቻችን ተወርዋሪ ኮከብ ምን እንደ ሆነ በትምህርት ቤት ተምረዋል። እኛ የሟርት ነገር ብንነግራቸው ሟርቱን ብቻ ሳይሆን እምነታችንንም ይንቁብናል። ድንጋዩን የሠራው፣ ብርሃኑንም ያበራው፣ እነርሱንም ከዚህ ሁሉ አብልጦ የወደደው አንድ አምላክ መሆኑን ብንነግራቸው ግን ከእኛ ጋር ቆመው ያመሰግናሉ።

ከዚያም በኋላ ወደ ቤቱ ሲደርስ፣ መብራት ሳያጠፋ፣ አንድ ሰው ያስብ። ሰላም ያላለው፣ የተቀየመው፣ የቀየመው አንድ ሰው ይኖራል። ሲነጋ ይደውልለት። የንስሐ አባት የሌለው ይያዝ፤ ያለው ይጠይቅ። ከሥጋ ወደሙ የራቀው በንስሐ ተዘጋጅቶ ይቅረብ። የሰማዩ ብርሃን ብዙ አይቈይም፤ በእርሱ ምክንያት የተመለሰ ወንድም ግን ለዘለዓለም ይኖራል።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በመጣ ጊዜ እንደ ወዳጅ የምንቀበለው ያድርገን። በሌሊት የሚሠሩትን ይጠብቅልን፤ በስደት ያለነውን በፍቅር ይሰብስበን፤ ሀገራችንን ኢትዮጵያን በሰላም ይጐብኝልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ምልጃ፣ የቅዱሳን ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።